ካድሬውን የመታሁ ዕለት

ዓሣ ስትበሉ አታውሩ። በተለይ ንግግር የምትወዱ ሰዎች ከሆናችሁ አደራ። ይህን የምለው ተምሬው ሳይሆን በዓይኔ አይቼው ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ሀዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ሐይቁ አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ አለቃ ሲያዘኝ እሺ እላለሁ። መወሰን የእኔ ሥራ አልነበረም። ደግሞስ በዚያ ዘመን መወሰን የሚወድ ሰው ነበር እንዴ? የወሰነ ይጠየቃል። ያልወሰነ በሰላም ቤቱ ይገባል።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር ነበረ። ጴንጤ ነበርኩ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር አምስት ስድስት ሆነን፣ ሰው ቤት በር ዘግተን፣ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። በሹክሹክታ ዘምራችሁ ታውቃላችሁ? ጉሮሮ ያደርቃል። ከመሥሪያ ቤት ይህን የሚያውቁት ሲስተር አማረች ብቻ ነበሩ፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ነርስ።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ኃላፊያችን ለፖለቲካ ትምህርት ሄዷል። አንድ ላንድሮቨር በራችን ላይ ቆመና ጓድ ሸዋንግዛው ወረዱ። እኚህ ሰው የከተማው ካድሬ ናቸው፤ ስማቸው ሲነሳ ሰው ሁሉ ኮሌታውን ያስተካክላል። ያን ቀን ግን አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያፏጫሉ። ማለቴ ትንፋሻቸው ነው የሚያፏጨው። ከኋላቸው ክላሽ ያነገተ አጃቢ አለ።

“ዓሣ ነው! እያወሩ ሲበሉ!” አለ አጃቢው። “አንድ ነገር ቢሆኑ ሁለታችሁንም...” አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ገባን።

“ማቴዎስ፣ ሆስፒታል ሪፈር እንጻፍላቸው” አሉ ሲስተር።

ጥሩ ሐሳብ ነው። መንገድ ላይ ቢሞቱ እኛ እጅ ላይ አልሞቱም። ግን ሪፈር ማኅተም ይፈልጋል። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከኃላፊው ጋር ፖለቲካ እየተማረ ነው። ሲስተር መሳቢያውን ሲታገሉ ፉጨቱ ቆመ።

ጓድ ሸዋንግዛው አፋቸውን ከፍተዋል፤ አየር አይገባም፣ አይወጣም። ከንፈራቸው ጠቆረ። ዓይናቸው እኔ ላይ ፈጠጠ። ያን ዓይን ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፈርቶ ግን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እጄን ጠይቁት። በአንድ ክንዴ ደረታቸውን ደግፌ ወደፊት አጎነበስኳቸውና በመዳፌ ጀርባቸውን መታኋቸው። አንዴ። ሁለቴ። አጃቢው ክላሹን ሲያቀባብል ሰማሁ።

“አንተ! ማንን ነው የምትመታው?”

ሦስቴ። ሲስተር እጃቸውን ዘርግተው መሃላችን ገቡ። “ተው ልጄ! ሥራውን ይሥራበት!” አሉት። አራተኛውን ስመታ፣ ስንት ዓመት በሹክሹክታ ያፈንኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ አመለጠኝ።

“በኢየሱስ ስም ውጣ!”

ወጣ። የዓሣው ሥጋ ከነእሾሁ ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

ጓድ ሸዋንግዛው አየር ሳቡ። ሳሉ፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳቡ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መተንፈስ ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። ካድሬ ደብድቤያለሁ። ያ አልበቃ ብሎኝ ጆሯቸው ሥር ሰብኬያለሁ።

“ምንድነው ያለው?” አለ አጃቢው።

“በአብዮቱ ስም ነዋ!” አሉ ሲስተር አማረች፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። እንደዚያ ያለ ፈጣን ውሳኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

ካድሬው ቃል ሳይተነፍሱ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ቢሰድቡኝ በተሻለ ነበር። ዘጠኝ ቀን ምግብ አልወርድ አለኝ። መኪና ሰፈራችን በቆመ ቁጥር ሚስቴ እጄን ትይዘኛለች። እስር ቤት እንዳይበርደኝ ብላ ሹራብና ብርድ ልብስ በዘንቢል አዘጋጅታለች። በአሥረኛው ቀን ጥሪ መጣ፤ ወደ ስብሰባ አዳራሽ። ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

አዳራሹ በሠራተኛ ጢም ብሏል። ጓድ ሸዋንግዛው መድረኩ ላይ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

“ጓድ ማቴዎስ በአብዮቱ ስም ፈጣን ውሳኔ ወስኖ የጓዱን ሕይወት አትርፏል! እንዴት እንደወሰነ ያስረዳናል!”

ተጨበጨበ። ምን ብዬ ላስረዳ? ወሰንኩ እንዴ? ስለ ንቃት፣ ስለ ዲሲፕሊን፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤና ቀባጠርኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ሰው ግን ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

ስወርድ ካድሬው ክንዴን ያዙና ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

“ያን ቀን የጮኽከውን በደንብ ሰምቼዋለሁ” አሉ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጓድ ሸዋንግዛው ግራና ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ሌላ ቀን ከታነቅሁ ያንኑ በል። ድምፅህን ግን ቀነስ አድርግ።”