አንድ ሌባ ለሪፖርት

ሰው ሰላም ሲያጣ ይጨነቃል ይባላል። እኔ ግን ሰላም በዝቶበት ላብ ያጠመቀውን አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ራሴን። ምነው ቢሉኝ፣ ሰላም አይቆጠርማ! ሌባ ይቆጠራል፣ የተቀማ ዱላ ይቆጠራል። ሰላምን ግን በየትኛው ዓምድ ይጽፉታል?

ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ጎንደር ነው። ሆስፒታል ካርድ ክፍል እሠራ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለው ቀበሌያችን ለጥበቃ ኮሚቴው ጸሐፊ ሲፈልግ ሁሉም ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። የቀድሞው ጸሐፊ ምን ሆነ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ኋላ ነው የሰማሁት። ለካ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት «የተያዘ ሌባ» ከሚለው ትይዩ ዜሮ ጽፎ ለአውራጃ ልኮ ኖሯል፤ ወይ ጥበቃው ተኝቷል፣ ወይ ኮሚቴው ሌባ ይደብቃል ተብሎ ሦስት ሳምንት ታሰረ።

አሁን ተራው የኔ ሆነ። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ሌባ አልተያዘም። እንዴትስ ይያዝ? በሰፈራችን ዕቃ ከጠፋ ቄሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የወሰደ ይመልስ ብለው ይገዝታሉ። ማክሰኞ ሳይደርስ ዕቃው በባለቤቱ አጥር ሥር ይገኛል። ማን አመጣው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የጥበቃ ጓዶች ራሳቸው ቆመው ግዝቱን ይሰማሉ። ታዲያ ይህን ልጻፍ? በሩብ ዓመቱ ጸጥታው የተጠበቀው በግዝት ነው ብዬ፣ ለአብዮታዊ ገምጋሚ? ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል!

ሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። የታማሚ ስም ስጽፍ እንኳ ዜሮ ዜሮ ይታየኛል። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ብዬ ጻፍሁ። የተሰረቀው ንብረት፦ ዶሮ። በሬ ብል ማን ያምነኛል?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ገምጋሚው ጓድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከአውራጃ መጣ። በቀበሌው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሪፖርቴን ጮክ ብሎ አነበበ። ዶሮዋ ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና ሌባው ይቅረብ፣ ግለሂስ ያድርግ አለ።

ግለሂስ ማለት ያን ጊዜ ጥፋተኛ በሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱን የሚወቅስበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱስ ሸጋ ነበር፤ ሌባው የት አለና! አዳራሽ ሙሉ ሰው መሬት መሬቱን ያያል። ገምጋሚው የሐሰት ሪፖርት የጻፈ ሰው ምን እንደሚጠብቀው በቀስታ ማስረዳት ጀመረ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ጊዜ አያ ደርሶ ተነሡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ በዕድሜያቸው የሰው ስንጥር ያልነኩ።

«እኔ ነኝ ጓድ» አሉ። «ሰይጣን አሳስቶኝ... ማለቴ፣ አድኃሪ አስተሳሰብ አሳስቶኝ ዶሮዋን ሰረቅሁ። ራሴን በጽኑ እወቅሳለሁ።»

የማን ዶሮ ናት ሲባል አንዲት ሴትዮ ከኋላ የኔ ናት አሉ። የአያ ደርሶ ሚስት ናቸው። ገምጋሚው ይህን አላወቀም፤ እኛም አልነገርነው።

የገምጋሚው ፊት በራ። ለካ እሱም ለበላዮቹ የሚሞላው ፎርም አለው! አያ ደርሶ ሳምንት ሙሉ የአዳራሹን ግቢ እንዲጠርጉ ተፈረደባቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በኔ አንዲት መስመር የተነሣ ደህና ሰው ሌባ ሲባል መስማት ከእስሩ ይልቅ አመመኝ።

ገምጋሚው ግን አልጨረሰም። ቀበሌያችሁ አርአያ ነው ብሎ አመሰገነንና፣ ስለዚህ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅዳችሁ ሁለት ሌባ ይሁን አለ። ተጨበጨበ። አይጣል ነው፣ እኔም አጨበጨብሁ።

ስንበተን አያ ደርሶን ሮጬ ደረስሁባቸውና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

«ተው ልጄ፣ ይህስ አለፈ» አሉኝ። «ለሚመጣው ሩብ ዓመት አንዱ አንተ ነህ፤ ሁለተኛውን ከወዲሁ ፈልግ።»