እትዬ ኑ-እዩ እና ያልታየው ጫፍ

ቆንጆ ነገር ባየ ቁጥር ክንዳችሁን ጨምድዶ የሚይዝ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ከሌለ በሥራ ቦታ ይኖራል፤ ከሥራ ቦታም ከጠፋ አውቶቡስ ላይ ከጎናችሁ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋችሁ በክርኑ ጎሸም ያደርጋችሁና ቀስተ ደመና ያሳያችኋል። እነዚህ ሰዎች ለብቻቸው መብላት ይችላሉ፤ ለብቻቸው ማልቀስም አያቅታቸው ይሆናል። ለብቻቸው ማየት ግን አይችሉም። ሌላ ሰው አይቶ አፉን እስኪይዝ ድረስ ያዩት ነገር ለእነሱ ገና አልታየም።

እኔ የዚህ ግልባጭ ነኝ። ቆንጆ ነገር ሳይ፣ ሳይ እንዳልታይ እፈራለሁ። ምግብ ቤት ገብቼ ጨው ቢያንሰው አስተናጋጁን ከምጠራ እንዳለ በልቼው መውጣት ይቀለኛል።

የክንድ ያዦችን ሁሉ አለቃ ያገኘኋቸው፣ ወገቤን ይዞኝ እህቴ በግድ በላከችኝ የተራራ ሆቴል ውስጥ ነው። ሆቴሉ ከሰው ሁሉ የራቀ ነው። አውቶቡስ ድልድዩ ጋ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ሻንጣም ሰውም በበቅሎ ነው። መንገዱን ስወጣ እህቴን በልቤ ስረግማት ነበር። ስደርስ ግን እርግማኑን ረሳሁት። አለቱ ከሥሩ ተሰንጥቆ የፈላ ውሃ ይተፋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ግቢውን ስለሚሞላው ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ሲንሳፈፍ ይታያል። ውሃው በመሬት ውስጥ ስለሚያልፍ የክፍሎቹ ወለል እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። የመጀመሪያው ምሽት ጫማዬን አውልቄ ስረግጠው አንድ የተኛ ትልቅ እንስሳ ጀርባ ላይ የቆምኩ መስሎኝ እንዳይነቃብኝ ቀስ ብዬ ወደ አልጋዬ ሄድኩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የተራራው ጫፍ አለ፤ አለ ይባላል ማለቱ ይሻላል። ጫፉ ከደመና የሚወጣው ሲያሰኘው ነው። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ቁልፍ ሲሰጠኝ «መስኮትህ ወደ ተራራው ነው» አለኝ። መስኮቱን ስከፍት ያየሁት አንድ ትልቅ ነጭ ምንም ነበር።

በማግስቱ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አጠር ያሉ፣ ብርድ ልብስ የለበሱ አሮጊት ቆመዋል። ደህና አደርክ እንኳን ሳይሉ ክንዴን ይዘው ወደ ፍል ውሃው ጎተቱኝ። በውሃው ዳር አንዲት ትንሽ ወፍ ሙቀቱን ሽታ መጥታ፣ ሙቀቱ ደግሞ ሲበዛባት እግሯን እያቀያየረች ቆማለች።

«እያት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጉልበቷን እንደ እኔ ሳያማት አይቀርም። በል ተመለስና ተኛ።»

እንዴት ይተኛል? እስከ ቁርስ ድረስ ያችን ወፍ ሳይ ቆየሁ።

እኒህ ሴት ከስልክ ቤት ጡረታ የወጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ከሰው ሲያገናኙ ኖረው፣ አሁን ደግሞ ሰውን ከእንሽላሊት፣ ከሸረሪት ድርና ከድንጋይ ጋር ያገናኛሉ። የሆቴሉ ሠራተኞች እትዬ ኑ-እዩ ይሏቸዋል። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ደግሞ «ክብርት የእንፋሎት ሚኒስትር» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸው ነበር። ዳኛው ጋዜጣ ሲያነቡ አንገታቸውን ቀና የማያደርጉ ሰው ነበሩ። እትዬ አንድ ጠዋት ጋዜጣውን ከእጃቸው ወስደው አጠፉትና «እሱ ነገም ይደገማል፣ ይሄ ግን አይደገምም» ብለው አስነሷቸው። ያሳዩአቸው ነገር እንፋሎት ያረጠበው የሸረሪት ድር ነው። ዳኛው ሊቆጡ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ቆመው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጋዜጣቸውን የሚያነቡት እየሰረቁ ነው።

ሙሽሮችም ነበሩ። ከመጡ ጀምሮ ከክፍላቸው ወጥተው የማያውቁ፣ ምግባቸው በር ላይ የሚቀመጥላቸው። እትዬ እነሱንም አንኳኩ። ሆቴሉ በሙሉ በእሳቸው ፈንታ አፈረ። ሙሽራው አንሶላ ተከናንቦ ወጣ፤ ፊቱን ላየው ሰው አደጋ የደረሰ ይመስላል። ነገሩ ግን ሙቅ ድንጋይ ላይ ተደራርበው የተኙ እንሽላሊቶች ናቸው። እትዬ «እናንተን አስታወሱኝ» ብለው ጥለውት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋ ራሷ እየሮጠች መጥታ፣ ቢጫ የሆነ የድንጋይ ቅርፊት አግኝቻለሁ ብላ እትዬን ክንዳቸውን ይዛ ስትወስዳቸው አየሁ። በሽታው ይተላለፋል ማለት ነው።

እኔ መደበቅ ጀመርኩ። በወጥ ቤቱ በኩል እየወጣሁ ከግቢው ጀርባ እቀመጥ ነበር። ብዙም አልቆየ፣ አገኙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ከእኔ መደበቅህ ይሁን» አሉኝ። «ከተራራ ትደበቃለህ?»

ጸጉሬ ሸብቷል፤ ልጅ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ፈገግ አልኩ። እሳቸውም ከጎኔ ተቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያሳዩኝ የራሳቸውን ነገር አጫወቱኝ።

ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት እየተመላለሱ፣ ሆቴሉን በሙሉ ከአልጋው እያስነሱ፣ ጫፉን እሳቸው አይተውት አያውቁም። ያልተከፈተላቸው ሆኖ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ሳሉ ደመናው ስንጥቅ አለ። ወዲያው ባለቤታቸውን ሊጠሩ ሮጡ። ባለቤታቸው ጫማቸውን ሲፈልጉ፣ ጫማው ሲገኝ፣ ክሩ ሲታሰር፣ ተጎትተው ሲወጡ ተዘግቷል። ባልየው ከዚያ ወዲህ ደመና ለማየት በቅሎ ላይ አልወጣም ብለው ቤታቸው ቀርተዋል። ሌላ ዓመት ደግሞ የሆቴሉን ወጥ ሠሪ ሊጠሩ ሲሮጡ አመለጣቸው።

ታዲያ ምን አዩ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጀርባዬን ሰጥቼው ስሮጥ ምን አያለሁ?»

ለምን ቆመው እንደማያዩት ጠየቅኩ። ለእኔ ቀላል ነገር ነበር፤ ብቻዬን ቆሜ ማየት የተካንኩበት ሙያ ነው። እትዬ ግን የማይገባ ቋንቋ የተናገርኩ ያህል አዩኝ።

«ብቻዬን ያየሁትማ ሕልም በለው» አሉኝ። «ማን አብሮሽ አየ ቢሉኝ ማንን እጠራለሁ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ የመጨረሻቸው መሆኑን ነገሩኝ። ሐኪሙ ለልብዎ ከፍታ አይሆንም ብሏቸዋል። ነርስ የሆነችው ልጃቸውም የዘንድሮውን የፈቀደችላቸው ለምና አልቅሳ ሁለተኛ እንዳይወጡ ካስማለቻቸው በኋላ ነው። ነገ ከምሳ በኋላ በቅሎው ይመጣል። «ባላየውም ቅር አይለኝም፣ እናንተ ሁላችሁ ሌላውን ሌላውን አይታችኋል» አሉ። ቅር እንዳላቸው ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

በነጋታው ከጎህ ጀምሮ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ማንንም አላንኳኩም። ደመናው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ረፋዱ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ጠባቂ መጣች። መታጠቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ እስከ ቀትር የሴቶች፣ ከዚያ በኋላ የወንዶች ነው፤ በሩ ላይ ነጭ ፎጣ ከተሰቀለ ወንድ በዚያ በኩል ዝር አይልም። ጠባቂዋ ከመንገድ በፊት መታጠብ ከፈለጉ አሁን ይግቡ አለቻቸው። እትዬ ወደ ደመናው አንዴ ቀና ብለው አዩና ተነስተው ገቡ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ወደ ግቢው የወጣሁት እሳቸው ስለሌሉ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ደመናው ያለ ምንም ድምፅ ለሁለት ተከፈለ።

እኔ ጫፉን ስፈልገው የነበረው ከፊት ለፊቴ ነው። እሱ ግን እዚያ አልነበረም፤ እጅግ ከላይ፣ ሰማይ ነው ብዬ ከተውኩት ቦታ ላይ ነበር። አንገቴን እስከ መጨረሻው ቀና ማድረግ ነበረብኝ። በረዶ የለበሰ፣ ፀሐይ በአንድ ጎኑ የያዘው፣ እኛ ሻያችንን ስንጠጣና ስለ ወገባችን ስናወራ ይህን ሁሉ ጊዜ እላያችን ላይ ቆሞ የነበረ ግዙፍ ነገር። ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ እትዬ ውሃ ውስጥ ናቸው።

ጀርባዬን ሰጥቼው ሮጥኩ። ወገቤ የት እንደሄደ አላውቅም። ነጩ ፎጣ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ጠባቂዋ የለችም። ከውስጥ የውሃ ድምፅና የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ማንኳኳት አሰብኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለ። ዘወር ስል የደመናው ዳር መመለስ ጀምሯል። ለመጥራት አፌን ከፈትኩ፤ የመጀመሪያው ድምፅ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ሁለተኛው ግን የእኔ መሆኑን እስክጠራጠር ድረስ ግቢውን አናጋው።

«እትዬ! ተከፍቷል፣ ይውጡ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ጠባቂዋ ባልዲ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለችና፣ አንተ ሰውዬ ጤና የለህም ወይ ብላ መጣችብኝ። ማስረዳት አቃተኝ፤ በጣቴ ወደ ላይ አሳየኋት። ዞራ አየች። ባልዲውን መሬት አስቀምጣ፣ ፎጣውን ከበሩ ገንጥላ ወደ ውስጥ ገባች።

ሴቶቹ በእንፋሎት መሐል ተጠቅልለው ወጡ። ከፊት እትዬ ናቸው፤ ባዶ እግራቸውን፣ ጸጉራቸው ላይ የሳሙና አረፋ እንደተቆለለ፣ ፎጣቸውን በሁለት እጃቸው አንቀው። እኔ ለጨዋነት ፊቴን ወደ ተራራው አዞርኩ። እሳቸውም መጥተው ከጎኔ ቆሙ፤ ቀና አሉ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መናገር ጀመርኩ። በግራ በኩል በረዶው የተሰነጠቀበትን አዩት ወይ፣ ከሥሩ ያለውን ሰማያዊ ጥላስ፣ ፀሐይዋ እንዴት አድርጋ እንደያዘችው፣ እያልኩ በጣቴ ስጠቁም፣ ስለፈልፍ፣ እንዳያመልጣቸው ስሟሟት፣

«ዝም በል እስቲ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ዕድሜዬን ሙሉ ተናገር ተብያለሁ። ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ምነው አፍ የለህም፣ የሆነ ነገር በል እንጂ ተብያለሁ። ዝም በል ያለኝ ሰው ግን ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም።

ዝም አልኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ አላውቅም።