ሙቅ የሚተነፍስ ሰው

ትናንት ቀትር ላይ፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ በመካኒኩ በሻኪር ጋራዥ አግዳሚ ላይ ጋደም ብዬ ዓለምን ተገልብጣ አየኋት።

ከመተኛቴ በፊት የሆነውን ላስቀድም። የመኪናዬ ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ሙቅ አየር ይተፋል። ሻኪር ሦስት ጊዜ ጋዝ ሞላው። ጋራዡ ውስጥ ሲሞከር ጣት ያደነዝዛል፤ እናቴን ጎኔ አስቀምጬ መንገድ ስጀምር ግን ምድጃ ይሆናል። የዛሬ ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ሐኪም ጋ ስወስዳት፣ አዋሽ አካባቢ ራሷን ስታ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ከመንገድ መለስኳት። አዲሱ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ሐኪሙ በስልክ፣ "ልባቸው ደክሟል፤ ሌላ እንዲህ ያለ ሙቀት አይችሉም" አለኝ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም። ለሻኪር ግን ነገርኩት፤ ሥራውን ተጠንቅቆ እንዲሠራ ብዬ። እሷን ደጁ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ ተጋደምኩ።

በሕልሜ የጋራዡ በር ተከፈተ። ሰዎች መሬት ላይ በተርታ ተንጋለዋል፤ ደረታቸው እንደ መኪና ኮፈን ተከፍቶ በእንጨት ተደግፏል። መኪኖች ከላያቸው ቆመው፣ መብራታቸውን አብርተው ወደ ውስጥ ያያሉ። ከአንዱ ደረት የእርግብ ድምፅ ይሰማ ነበር። በሌላው ውስጥ ትንሽ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሰው በውስጡ ይህን ያህል ስፍራ እንዳለው አላውቅም ነበር።

"ባለተራ!" አለ አንድ ያረጀ ነጭ ፔጆ።

እናቴ እጄን ይዛ አስገባችኝ። በዕድሜ ከእኔ ታንስ ነበር። የእኔን ቁልፍ ጣቷ ላይ ታሽከረክራለች።

"ምን ሆነ?" አላት ፔጆው።

"ሙቅ ይተነፍሳል፣ ጋሼ። ለሐሙስ ካልደረሰልኝ ጉድ ሆንኩ።"

"እስቲ ተንፍስ፣ ልጄ።"

ተነፈስኩ። የፔጆው መስታወት ጉም ለበሰ። መጥረጊያውን ሁለቴ አወናጨፈ። ከዚያ ደረቴን ከፍቶ ውስጡን የሳሙና አረፋ ቀባ፤ የሚያፈስ ቦታ ካለ እዚያ ላይ አረፋው ይነፋል። አንድም አልተነፋ። አንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ ጠጋ ብላ አየችኝ።

"ጋዝ እንሙላው?"

"ሞልቷል።"

"ኮምፕሬሰሩስ?"

"ከእኔ ይሻላል።"

ሁለቱ ጥሩንባቸውን ዝቅ አድርገው ተንሾካሾኩ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"ምንም አላሉ። አንተ ብቻ ተጋደም" አለች እናቴ። ፔጆው ወደ ጥግ ወስዶ አንድ ነገር ነገራት። ስትመለስ ትስቅ ነበር፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ያን ሳቅ አወቅኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ የሳቅኩት ሳቅ ነው።

ያን ጊዜ መኪኖቹ አንድ በአንድ ሞተራቸውን አጠፉ።

ፀሐይ መጣች።

በሩ ስለጠበባት አጎንብሳ ገባች። ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጥ ነበር። የተራ ቁጥሯን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አግዳሚው ላይ በረዶ ጋገረ። ከኋላዋ፣ በተከፈተው በር፣ ከተማው ታየኝ። ደረቁ ወንዝ መስታወት ሆኖ ግመሎች ይንሸራተቱበታል። በረዶ ውሃ ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ፍም በላስቲክ ቋጥረው "ፍም! ትኩስ ፍም!" ይላሉ። ሰው ይሻማል።

ዓይኔን ሳልጨፍን ፀሐይን ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ከቅርብ ፊቷ ሽብሽብ ነው። በእያንዳንዱ ሽብሽብ ውስጥ አንዳንድ ጠዋት ተኝቷል፤ ያለፉትም፣ ገና ያልመጡትም። አንዱን ጠዋት ለይቼ አወቅኩት፤ የተወለድኩበት ነበር። መተንፈስ ፈራሁ።

"እርስዎስ ምን ሆነው ነው?" አልኳት እንደ ምንም።

"ቀዝቃዛ ትተነፍሻለሽ ይሉኛል።"

"ምክንያቱን አልነገሩዎትም?"

"ለእኔ ማን ይነግረኛል? ለጨረቃ ነው የነገሯት። አንተስ?"

"ለእናቴ ነው የነገሯት።"

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ተከፍቶ በቆመው ደረቴ ውስጥ አስገብታ አሞቀች፤ እኔም ከዚያ ታላቅ እጅ ቅዝቃዜ ተካፈልኩ። ጣሪያው፣ ቆርቆሮው፣ ከተማው ሁሉ እንደ ደወል ጮኸ።

"ከምን እንደምጠነቀቅ ባውቅ እኮ" አለች፣ "እጠነቀቅ ነበር።"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ።

"ተነስ አቦ! ተነስ!"

ሻኪር ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል። ፊቱ በላብ ታጥቧል።

"በሽታው ተገኘ። ና እይ።"

የመኪናው ሞተር ይሠራል። እናቴ የፊት ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ ተቀምጣለች። በሩን ስከፍት የወጣው ወላፈን ወደ ኋላ መለሰኝ። የኤሲው ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀዩ፣ ወደ ሙቁ፣ ዞሯል።

"እስቲ እሳቸውን አስቀምጬ ልሞክረው አልኩ" አለ ሻኪር። "ገና ፊቴን ሳዞር፣ እጃቸው በነጠላው ሥር ሾልኮ ወጣ።"

እጄን ሰድጄ ሞተሩን አጠፋሁ።

"እማዬ! አንቺ ነሽ የምታዞሪው?"

"ታዲያ ብርድ ይምታኝ?" አለች። "ባለፈው አዋሽ ላይ የጣለኝ ይኸው ንፋስ አይደል? አንተ መንገድ መንገዱን ስታይ ቀስ አድርጌ አዞረዋለሁ፤ ስንቆም እመልሰዋለሁ። አንተን ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው እንጂ፣ ሐኪሙ ያኔ በመጀመሪያው ቀጠሮ ልብዎን ይጠብቁ አላለኝም?"

ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር። ከንፈሯ ገርጥቷል።

ሻኪር ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ! አልነገርካቸውም እንዴ?"

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጠች።

"ምኑን?" አለች።