ዝያራ ክልክል ነው

የሰው መታመም ሰምተው ሳይጠይቁ ማደር የማይሆንላቸው ሰዎች ታውቃላችሁ? እኔ ጅዳ፣ በኒ ማሊክ የሚባል ሰፈር ከነሱ ጋር ኖሬያለሁ። በደርግ ጊዜ አገር ቤት ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው «ለምን ቀረህ» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ እኛ ሰፈር ደግሞ የሚጠየቀው ታማሚ ሳይጠይቅ የቀረ ነው።

ልጄን ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘው ሐኪሙ፣ «ፈሳሽ አብዝታችሁ ስጡት፤ እንዳይጋባ ማንም አይሳመው» አለና በዓረብኛ «ዝያራ ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ጠያቂ አይግባ ማለቱ ነው። በሬ ላይ ለጠፍኩት።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ የወሎ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«ዝያራማ ለበረከት ወልይ፣ ቅዱስ ሰው ዘንድ ነው የሚኬደው» አሉኝ። «ልጅህ መቼ ወልይ ሆነ? እኔ ልጠይቀው ነው የመጣሁት።»

ገቡና ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አፍንጫውን ሳይቀር ሳሙት። እሳቸውን ያየ ሰፈርተኛ ሁሉ ተከትሎ ገባ።

በአራተኛው ቀን ልጁ ድኖ ኳስ ማንከባለል ሲጀምር እትዬ ዘይነባ ተኙ። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ በራቸው ላይ የኔው ወረቀት ተለጥፏል።

«እትዬ፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ልጁን አድኖት የለ?» አሉኝ እያስነጠሱ። «ለኔም ይሆነኛል ብዬ ገንጥዬ ወሰድኩት። በል ና ሳመኝ።»

አልስምም ይባላል? በማግስቱ ገና አንዴ ሳስነጥስ በሬ ተንኳኳ።