የባሰበት ይቅደም

በየቤተሰቡ ኑሮን ሁሉ በኳስ ሕግ ካልዳኘሁ የሚል አንድ ወንድም አይጠፋም። ለእኛ ቤት የደረሰን ዴልማር ነበር።

በአሜሪካ ፉትቦል፣ ሚያዝያ ላይ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ተራ በተራ ይመርጣሉ። ዓመቱን ሲሸነፍ የከረመው ይቀድማል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ነው፤ ለእያንዳንዱም ሰዓት ይያዝበታል። የኦሃዮው ቡድናችን መሸነፍ አይሰለቸውምና፣ ዴልማር በየሚያዝያው ልጁን እንደሚድር አባት ሸሚዙን ተኩሶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰየማል።

"የባሰበት ይቅደም!" ይላል እጁን እያፋተገ። "እንዲህ ያለ ፍትሕ ቤተ ክርስቲያንም የለ!"

ብሎም አልቀረ፣ ሕጉን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይዞት ሄደ። በጾሙ ወራት ቤተ ክርስቲያኑ የሚያዘጋጀው የዓርብ የዓሣ እራት ላይ ሰልፉን በትኖ፣ ዓመቱ የከፋበት ቀድሞ ያንሣ አለ። የወይዘሮ ሃንራቲ ጣሪያ ወድቋል፤ አቶ ዛሌስኪ ደግሞ ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኝቶባቸዋል።

"ጠጠሩን እኮ አወጡልዎ! የኔ ጣሪያ እንደ ወደቀ ነው" አሉ ወይዘሮዋ።

"ጠጠር ከጣሪያ ይበልጣል" ሲሉ ክቡር ዳኛ ዴልማር ፈረዱ። ዓሣው በረደ። ቄሱም ቀዝቃዛውን በሉ።

እናታችን ስታርፍ ዕቃዋን ልንካፈል ሳሎኗ ውስጥ ተቀመጥን፤ ዴልማር፣ እኔና ታናሻችን ጃኔት። ዴልማር ደቂቃው ሲሞላ የሚጮኸውን የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ጎለተው።

"የባሰበት ይቅደም። ማነው የባሰበት?"

"እኔን እንዳታይ!" አለች ጃኔት። "ሁለቴ ብፋታም፣ ሁለቱንም የፈታኋቸው እኔ ነኝ።"

"እኔም ባሌ ሞተ እንጂ አልተሸነፍኩም" አልኩ።

"እንግዲያው እኔ ነኝ" አለ። ትዳር የለው፣ ፋብሪካው ተዘግቶበት፣ ጉልበቱ ከድቶት፤ ማን ይከራከረዋል?

የአባታችንን አኮርዲዮን እንደሚወስድ እናውቃለን። አባባ በየሠርጉ ሲጫወትበት ከሥሩ የማይጠፋው እሱ ነበር፤ ዓይኑ ከዚያ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ሰዓቱን ጠመዘዘ፣ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኢርማን መርጫለሁ።"

ኢርማ እኔ ነኝ። ጃኔት በሳቅ ፈረሰች። "እሷ ዕቃ ናት እንዴ!"

"የቤቴ ላይኛው ክፍል ባዶውን ነው" አለ እኔን እኔን እያየ። በሕጉ ተመራጭ አይጠየቅም፤ ስሙ ከተጠራ ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ብቻ ነው። ዴልማር ግን ጠየቀኝ። "ትመጫለሽ?"

ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ሁለት ክረምት አልፎኛል። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የጃኔት ሳቅ አሳፈረኝ።

"እስቲ ላስብበት" አልኩ። ሰዓቱ ጮኸ።

ተራው የጃኔት ነበር። አኮርዲዮኑን ብድግ አደረገች።

"ተራው ይደገምለት፤ የቀልዱን እኮ ነው!" አልኩ።

"የተጠራ ስም አይመለስም" አለ ዴልማር። ሁለተኛው ዙር ሲደርሰው የእማማን የሾርባ ድስት ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ማዶ። እሑድ እሑድ ሾርባ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ያንን ጥያቄ ግን ዳግመኛ አላነሣውም፤ እኔም መልሱን አልሰጠሁት።

ሲሞት ቤቱን ላጸዳ ገባሁ። ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣው ደረጃ፣ እሱ ራሱ በዚያ ጉልበቱ ሊወጣው የማይችለው ደረጃ፣ የእንጨት የእጅ መደገፊያ ተገጥሞለታል። ለሌላው ሰው ቁመት የማይሆን፣ ዝቅ ያለ ነው።

እኔ አጭር ነኝ። ያዝ አደረግሁትና ወጣሁ።