ለጎረቤት ተብሎ የተገዛ ቴፕ

ድሬዳዋ ውስጥ ግድግዳ የሚሠራው ለዓይን ነው፤ ጆሮን ማን አስታውሶት። ጎረቤት ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምንለው ከራሳችን ሶፋ ላይ ሳንነሳ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ቴፕ መግዛት የግል ጉዳይ ነው የሚል ሰው ካለ፣ መቼም የሚኖረው ቪላ ውስጥ መሆን አለበት።

የእኔን ሳሎን ሁለት ሶፋና አንድ ቴሌቪዥን ከያዙት በኋላ ለባለቤቱ የሚተርፈው እግር ማሳረፊያ ነው። ከግድግዳው ማዶ ኤዶ ሳፊያ ይኖሩ ነበር። «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙቀት ተሸንፎ ጋደም ሲል፣ እኔ በአሮጌው ቴፔ ዘፈን እከፍታለሁ። አንድ ቀን በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ዛሬም ዘፈን አለ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ነው ስሞታ? እኔ የሰው ልብ አንባቢው፣ ስሞታ ነው ብዬ ፈረድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኤዶ ሳፊያ በጠና ታመው አልጋ ያዙ። አልጋቸው የጋራ ግድግዳችንን ተደግፎ ነው የተዘረጋው። በዚያው ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴፔን አቃጠለውና ታይዋን ገበያ ወረድኩ።

ሻጩ ሦስት አቀረበልኝ። አንደኛው ትከሻዬ ድረስ የቆመ፣ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ነው፤ ሲከፍተው የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ረጅም ስፒከር ሲሆን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል አለኝ። የትኛው ግድግዳ ላይ? በታመመ ሰው ራስጌ? ሦስተኛው ሬዲዮና ፍላሽ የሚቀበል፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ያሉት ነው። ከሁሉም ድምፁ አነስተኛው የቱ እንደሆነ ስጠይቀው ትክ ብሎ አየኝ።

«አቦ፣ ሰው ድምፅ ሊገዛ ይመጣል፤ አንተ ዝምታ ልትገዛ መጣህ?»

የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንዳለው ስጠይቀውማ፣ ለዚያ ስልክህ አይበቃህም ወይ ብሎ ሳቀብኝ። መሰኪያ ስላለው ሦስተኛውን ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ለወራት በማዳመጫ ጆሮዬን ደፍኜ ብቻዬን ሰማሁ። በራሴም ኮራሁ። እንዲህ ያለ ጨዋ ጎረቤት ከየት ይገኛል? ልጠይቃቸው ስገባ ኤዶ ሳፊያ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። አንድ ነገር ሊሉኝ ይፈልጉና መልሰው ይተዉታል፤ እኔ ሕመሙ ነው እያልኩ እወጣለሁ። ማዳመጫው ሳላቸውንም እንዳልሰማ አድርጎኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ያረፉትም ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ማዳመጫዬን ሰክቼ ሳለሁ ነው። ለውኃ ስነሳ በመስኮት ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ከሌላ ሰፈር፣ ከገንደቆሬ የመጡ ዘመዶቻቸው ሳይቀሩ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ከቤታቸው በአንድ ግድግዳ ብቻ የምለየው እኔ ለቅሶው ላይ የመጨረሻው ሆኜ ገባሁ።

ከቀብር በኋላ ልጃቸው ረውዳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«ጋሽ ታደሰ፣ እናቴ ምን ብታደርግህ ነው የተቀየምካት?»

እኔ? እሳቸውን? ግራ ተጋባሁ። ከታመሙ ወዲህ ከምሳ በኋላ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ይጠብቁ እንደነበር ነገረችኝ። ቀድሞ እኔ ጋ ዘፈን ሲከፈት እሳቸውም ትንሽ ያሸልባቸው ነበር። ዝም ሲልባቸው፣ «ልጁ ዘፈኑን ያጠፋው በእኔ ተቀይሞ ነው፣ ጠይቂልኝ» እያሉ ይለምኗት ነበር።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

«ይሉኝታ ያዘኝ» አለች።

ቤቴ ገባሁና ማዳመጫውን ነቀልኩ። እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ልከፍትላቸው ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ከማዶ ለቅሶ የተቀመጡት ሰዎች ቁርኣን ሲቀሩ ይሰማኛል። ጣቴን አነሳሁ።

በሳምንቱ የሰፈራችን ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመው እጄን ጨበጡኝ። በሐዘኑ ሰሞን ሁሉ ከቤቴ ኮሽ ያለ ነገር እንዳልሰሙ ገልጸው፣ የጎረቤት ወጉ እንዲህ ነው ሲሉ በሰው ፊት አመሰገኑኝ።