ነቀርሳ በዕቅዱ ውስጥ አለ

ሁሉም ነገር በዕቅዱ ውስጥ አለ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ናዝሬት፣ በቀበሌያችን አዳራሽ አግኝቼዋለሁ። የሀገሪቱን የጤና ዕቅድ ሊያስረዳን የመጣ ካድሬ ነበር። ምን ይጎድለዋል! የቱንም ጥያቄ ብትጠይቁት ገጹን ያውቀዋል።

ታላቅ እህቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብድግ አለች። ሐኪሙ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ነቀርሳ ነው፤ ሕክምናው አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው ብሏት ነበር።

«ጓድ፣ ነቀርሳ እዚሁ መታከም የሚጀምረው መቼ ነው?»

«ነቀርሳማ ድሮ ገብቷል!» አለና ወረቀቱን ገለጠ። «ይኸው፤ ለሕፃናት ክትባት፣ ለሚያስላቸው መርፌ።»

«እሱ የሳንባው ነው። የእኔ የጡት ነው።»

ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠ፣ አገላበጠ።

«ነቀርሳ ነቀርሳ ነው፣ ጓድ። ዕቅዱ አይከፋፍልም!»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም... የሳቅሁ ይመስለኛል።

ከዚያ ዕቅዱን የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። ሁሉም አወጣ። አስካለም አነሳች፤ ቀኝ እጇ ግን አብጦ ስለነበር ከትከሻዋ አላለፈም።

«ጓድ፣ ይህ ግማሽ እጅ ድጋፍ ነው ተቃውሞ?» አላት ካድሬው።

«ሕመም ነው።»

«ሕመም የሚባል ድምፅ የለም።» ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ዞረ። «ድምፀ ተአቅቦ፣ አንድ ብለህ ጻፍ!»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ ክፉ ልለው አልቻልኩም። ስንወጣ ጠጋ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማው «እግዜር ይማርሽ» ብሏታል፤ ይህ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። የሚከብደኝ የራሴ ነው። የእኔ እጅ ደኅና ነበር፤ እስከ ላይ ወጥቷል።